የመስተዋት ልማድ በፕላስቲክ ላይ
ከጠራ ፕላስቲክ ላይ የማይፈለግ ቀለምንና ቬርኒሽን ስለ ማንሣት ለሙያ ማኅበር አባላት የቀረበ ንግግር



ሻሸመኔ ከመንገድ ጋር ያደገች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በ250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል የሚመጣውን መንገድ ተቀብላ በሦስት አቅጣጫ ታከፋፍለዋለች። አንዱ በሐዋሳ በኩል እስከ ሞያሌ ይዘልቃል፤ ሁለተኛው በሀላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ይሄዳል፤ ሦስተኛው በኮፈሌና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ይወጣል። መኪና የሚበዛበት ስፍራ ጋራዥ ይበዛበታል፤ ጋራዥ ባለበትም ባቲላሜራ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛና ቀለም ቀቢ አይታጡም። በዚህች ከተማ አያሌ ወጣቶች ሙያቸውን የሚማሩት በትምህርት ቤት ሳይሆን ከጌታው ሥር ተቀምጠው፣ የእጁን አያያዝ እያዩ ነው።

የዚህ ንግግር ርእስ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነገር ነው። ይኸውም በሚኒባስ፣ በቅጥቅጥ ወይም በባጃጅ መብራት ሽፋን ላይ ሳይታሰብ የተረጨ ቀለም፣ ወይም ታስቦ የተቀባ ቬርኒሽ፣ ፕላስቲኩን ሳይጎዳ እንዴት ይነሣል የሚለው ነው። ጉዳዩ ለዓይን ውበት ብቻ የሚነሣ ቢሆን ኖሮ የማኅበሩን ጊዜ ባልወሰደ ነበር። ነገር ግን የደበዘዘ መብራት በኮፈሌ ደጋ ጉም ውስጥ ለሚጓዝ ሾፌርም ሆነ በአስፋልቱ ዳር ለሚሄድ እግረኛ የሕይወት ጉዳይ ነው። በአንድ ጨርቅ ቲነር የተበላሸ መብራትም ከውጭ በምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ለመክፈል አቅም በሌለው ሰልጣኝ ወይም በባለንብረቱ ላይ ነው።

የስሕተቱ መነሻ

ለመሆኑ ልምድ ያለው ቀለም ቀቢ እንዲህ ያለውን ጉዳት ለምን ያደርሳል? መልሱ ሙያ ባለማወቅ የሚገለጽ አይደለም። እንዲያውም ሙያው የተማረው በሌላ ዕቃ ላይ ስለሆነ ነው።

ቀደም ባሉት ዘመናት በኢትዮጵያ መንገዶች የተመላለሱት የፊያት ጭነት መኪናዎችና ላንድሮቨሮች የፊት መብራታቸው መስተዋት ነበር። በአሜሪካም ከእ.ኤ.አ. 1940 ጀምሮ እስከ 1983 ድረስ ሕጉ የሚፈቅደው ከነአምፖሉ አንድ ሆኖ የታሸገውን ዓይነት መብራት ብቻ ነበር። በ1983 ሕጉ ሲሻሻል በ1984 ዓመት ሞዴልነት የቀረበው ሊንከን ማርክ 7 በዚያ አገር የፕላስቲክ ሽፋን ያለው የፊት መብራት ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲኩ ቀላል በመሆኑ፣ በጠጠር ቶሎ ባለመሰበሩና እንደ ልብ ቅርጽ የሚወጣለት በመሆኑ መስተዋቱን ቀስ በቀስ ከቦታው አስለቀቀው።

መስተዋት ቲነርን አይፈራም፤ አሴቶንንም ቤንዚንንም ይችላል። በምላጭ ቢፋቅ እንኳ ጥንቃቄ ከተደረገ አይጫርም። ስለዚህ በመስተዋት ዘመን የሠለጠነ ጌታ «ቀለም ከነካው በቲነር ጥረገው» ብሎ ሲያስተምር ትክክል ነበር። ቃሉ ከጌታው ወደ ተማሪው፣ ከተማሪውም ወደ ሌላው ተላለፈ። ዕቃው ግን በዚህ መካከል ተለወጠ። አዲሱ ዕቃ እንደ ቀድሞው የጠራ፣ እንደ ቀድሞው የሚያበራ ስለሆነ ለውጡ ለዓይን አልታየም። እንግዲህ ጥፋቱ ያለው ልማዱን በወረሰው ሰው እጅ ሳይሆን፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች አንድ መልክ በመያዛቸው ላይ ነው።

ሦስቱ የጠሩ ፕላስቲኮች

በጋራዥም ሆነ በሞዴል ሠሪዎች ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚገኙት የጠሩ ፕላስቲኮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው አክሪሊክ ነው። በጀርመን አገር በኦቶ ሮህም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1933 ፕሌክሲግላስ በሚል የንግድ ስም ወጣ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለአውሮፕላን አብራሪዎች ክፍል ሽፋን ሆኖ አገለገለ። እስከ ዛሬም የመንገደኛ አውሮፕላን መስኮቶች የሚሠሩት በአብዛኛው ከዚሁ ዘር ነው። በመኪና ላይ የኋላ መብራት፣ የፍሬቻና ብዙውን ጊዜም የዳሽቦርድ ሰዓቶች ሽፋን ከእርሱ ይሠራል። በሱቆች በር ላይ የሚታየው ከውስጡ የሚበራ ማስታወቂያም በብዛት አክሪሊክ ነው። ብርሃንን እስከ 92 በመቶ ያሳልፋል፤ ፀሐይን በጥሩ ሁኔታ ይችላል፤ ድንገተኛ ምት ግን ይሰብረዋል።

ሁለተኛው ፖሊካርቦኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ኸርማን ሽኔል፣ በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ደግሞ ዳንኤል ፎክስ ሳይመካከሩ የደረሱበት ፕላስቲክ ነው። ምት የመቻል ኃይሉ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ የዛሬ መኪናዎች የፊት መብራት ሽፋንና የሞተር ብስክሌት ሄልሜት መነጽር ከእርሱ ይሠራሉ። ሆኖም ለጭረትና ለፀሐይ ደካማ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ከላዩ ለዓይን የማይታይ ጠንካራ መከላከያ ይቀባዋል። የፊት መብራት ቢጫ መሆን የሚጀምረው ይህ መከላከያ ሲያልቅ ነው።

ሦስተኛው ፖሊስታይሪን ነው። የልጆችና የአዋቂዎች መጫወቻ የሆኑት የአውሮፕላንና የመኪና ሞዴሎች፣ ከነጥቃቅን መስኮቶቻቸው፣ በአብዛኛው ከዚህ ይሠራሉ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በቀላሉ ቅርጽ ይይዛል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ ቲነር ሲነካውም ወዲያውኑ ይሟሟል።

እነዚህን በምን መለየት ይቻላል? የመጀመሪያው መንገድ በሽፋኑ ጠርዝ ወይም ጀርባ የታተመውን ምልክት መመልከት ነው። «ፒሲ» ተብሎ የሚነበበው የላቲን ጽሕፈት ፖሊካርቦኔትን፣ «ፒኤምኤምኤ» አክሪሊክን፣ «ፒኤስ» ደግሞ ፖሊስታይሪንን ያመለክታል። ምልክት ከሌለና ስባሪ ከተገኘ የጨው ውሃ ይረዳል። በ1 ሊትር ውሃ 120 ግራም ያህል ጨው ተሟሙቶ ስባሪው ቢጣልበት ፖሊስታይሪን ይንሳፈፋል፤ አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት ግን ይሰጥማሉ። በስባሪው ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ እንዳያሳስት አስቀድሞ በእጅ ማራገፍ ያስፈልጋል። ከሰጠሙት ሁለቱ መካከል ጎንበስ ቀና ሲያደርጉት የሚታጠፈው ፖሊካርቦኔት፣ ቀጭ ብሎ የሚሰበረው አክሪሊክ ነው።

ቲነር ምን ያደርጋል?

የጋራዥ ቲነር አንድ ነጠላ ፈሳሽ ሳይሆን ቶሉዊን፣ አሴቶንና እነርሱን የመሳሰሉ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ሥራው ቀለምን ማሟሟት ነው። ቀለም ደግሞ በመሠረቱ ቀጭን ሆኖ የተነጠፈ ፕላስቲክ ነው። እንዲያውም አንዳንዱ የመኪና ቀለም ራሱ ከአክሪሊክ የተሠራ ነው። እንግዲህ አክሪሊክ ቀለምን ከአክሪሊክ ሽፋን ላይ በቲነር ለማንሣት መሞከር፣ ጨውን ከጨው ላይ በውሃ ለማጠብ እንደ መሞከር ይቆጠራል፤ ፈሳሹ የትኛው ቀለም የትኛው መብራት እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ከዚህ የሚከፋው ግን ወዲያው የማይታየው ጉዳት ነው። የመብራት ሽፋን የሚሠራው የቀለጠ ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ ገብቶ ነው። ውጪው ቀድሞ ይበርዳል፤ ውስጡ ዘግይቶ ይከተላል፤ በዚህም ምክንያት በዕቃው ሥጋ ውስጥ የተወጠረ ኃይል ታስሮ ይቀራል። በተለይ በማዕዘኖቹና በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ውጥረቱ ይበረታል። ቲነር፣ አሴቶን ወይም ቤንዚን በዚያ ሲሰርግ የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ያላላቸዋል፤ የታሰረውም ኃይል እንደ ፀጉር በቀጠኑ ስንጥቆች ይወጣል። ስንጥቁ ወዲያውኑ ሊታይ ይችላል፤ ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል። አንድ ሠራተኛ «ትላንት ስጠርገው ደህና ነበር» ሲል እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ግን የተፈጸመው ትላንት ነው።

ስለዚህ አንድ ፈሳሽ በአንድ ፕላስቲክ ላይ ደህና ሆኖ መገኘቱ ለሌላው ዋስትና አይሆንም። አልኮል ለፖሊካርቦኔትና ለፖሊስታይሪን በጥቂቱ ሲነካቸው የሚስማማ ሲሆን፣ በተወጠረ አክሪሊክ ላይ ግን ስንጥቅ ያመጣል። አሞኒያ ፖሊስታይሪንን አይጎዳም፤ ፖሊካርቦኔትን ግን ይበላዋል። በሌላ አገር የሚገኙ ሞዴል ሠሪዎች ጥቃቅኖቹን መስኮቶች ለማጥራት የወለል ማንጸባረቂያ ፈሳሽ ይነክሯቸውና፣ ሳያምርላቸው ሲቀር አሞኒያ ባለበት የመስተዋት ማጽጃ ያነሡታል። ይህንኑ ዘዴ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ በፊት መብራት ላይ ቢሞክረው ያንን ሞዴል ያዳነው መድኃኒት መብራቱን ያጠፋዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ ማንኛውም ፈሳሽ መጀመሪያ በማይታይ ጠርዝ ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ሳይታይ ወደ መካከል ሊገባ አይገባውም።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ትክክለኛው አካሄድ በአንድ ሕግ ይጠቃለላል፤ ይኸውም ሁልጊዜ ከደካማው መሣሪያ ጀምሮ፣ ያ ሲያቅት ብቻ ወደሚቀጥለው መሸጋገር ነው። ሥራው በጥላ ሥር፣ ሽፋኑም በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሆኖ ሊከናወን ይገባዋል። ፀሐይ ያጋለው ፕላስቲክ ፈሳሽን በበለጠ ፍጥነት ይጠጣልና።

1ኛ/ ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና። ኮምፕሬሰር የነፋው የቀለም ብናኝ ብዙ ጊዜ በአየር ላይ እያለ ስለሚደርቅ በሽፋኑ ላይ የሚያርፈው ሳይጠበቅ ነው። በሳሙና ውሃ የተነከረ የጥጥ ጨርቅ ለሩብ ሰዓት ተለጥፎበት ቢቆይ አብዛኛው በጣት ይነሣል። አስቀድሞ አቧራውን በብዙ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ደረቅ አቧራ በጨርቅ ሲታሽ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

2ኛ/ ጥፍር ወይም ያገለገለ የፕላስቲክ ካርድ። የደረቀ ነጠብጣብ በሳሙና ውሃ እንደረጠበ በካርዱ ጠርዝ ቢገፋ ተቀርፎ ይወድቃል። ምላጭ፣ ቢላዋና የብረት ሽቦ ግን ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው።

3ኛ/ ለዕቃው የሚስማማ ለስላሳ ፈሳሽ። ለፖሊካርቦኔትና ለፖሊስታይሪን አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለአክሪሊክ ደግሞ ጥቂት ነጭ ጋዝ ይመረጣል። ፈሳሹ በዕቃው ላይ አይፈስም፤ ጨርቁን ብቻ ያርሳል። በትንሽ ስፍራ ላይ ቀስ ተብሎ ተጠርጎ ወዲያውኑ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ቀለሙ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ትኩስ ቀለም ላይ አምስት ደቂቃ የሚወስደው ሥራ በሳምንቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

4ኛ/ በውሃ ማሸት። በማጠንከሪያ ተደባልቆ የሚነፋው ባለሁለት ክፍል የመኪና ቀለም አንድ ጊዜ ከጠነከረ ሳሙናም አልኮልም አይበግሩትም። እርሱን ሊፈታ የሚችል ፈሳሽ ሁሉ ፕላስቲኩንም ይፈታዋል። የቀረው መንገድ ረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በብዙ ውሃ ነው። በአክሪሊክ የኋላ መብራት ላይ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ቀይ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ በማሸት አይለቅም፤ ኋላ በማንጸባረቂያ ቅባት ቢወለወል ወደ ጥራቱ ይመለሳል። በፖሊካርቦኔት የፊት መብራት ላይ ግን ማሸት የፋብሪካውን መከላከያ መግፈፍ ማለት ነው። ስለዚህ መከላከያው ያልተነካ አዲስ መብራት በጥቂት የቀለም ነጥብ ምክንያት ሊታሽ አይገባውም፤ ነጥቡን መታገሥ ይሻላል።

የሞዴል መስኮት ለሚያጸዳ ሰው ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ትንሹ የፖሊስታይሪን ክፍል ከነቀለሙ በአይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ተነክሮ ቢቆይ፣ በውሃ የሚቀጥነው የሞዴል ቀለም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ክፍሉ በየጊዜው እየተነሣ መታየት አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይስማማል። ሞዴላቸውን በአክሪሊክ ጠፍጣፋ ለሚሠሩ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ግን ይኸው አልኮል አይመከርም፤ በተለይ በመጋዝ የተቆረጠው ጠርዝ ውጥረት ስላለበት በአልኮል ይሰነጠቃል።

በእንጨት ቬርኒሽ የተቀባ መብራት

በስሕተት ከሚረጨው ቀለም ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ታስቦ የሚቀባው ቬርኒሽ ነው። ሻሸመኔ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብም 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ትገኛለች። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 በመቶ ባላነሰ መጠን እየበረታ ስለሚሄድ፣ በዚህ አካባቢ የሚመላለስ መኪና የፊት መብራት ቶሎ ቢጫ ቢሆን አያስደንቅም።

የዓመቱ ምርመራ ደርሶ ቦሎ የሚያስፈልገው አንድ ባለሚኒባስ አለ ይባል። መብራቱ ደብዝዟል፤ አዲስ ለመግዛት አቅም የለውም። አንዱ ጎረቤት የእንጨት ቬርኒሽ በጨርቅ እንዲቀባው ይመክረዋል። ምክሩ እንደ ተአምር ይሠራል፤ ቬርኒሹ የሻከረውን ገጽ ሞልቶ ስለሚያለሰልሰው መብራቱ በደቂቃ ውስጥ ይጠራል። ነገር ግን የእንጨት ቬርኒሽ ለጣሪያ ሥር ዕቃ የተዘጋጀ፣ ራሱም በፀሐይ ቢጫ የሚሆን ነው። ውሎ ሲያድር ይሰነጠቃል፤ እንደ እባብ ቆዳ ይላጣል፤ ከቀድሞው የባሰ ጥላ በመብራቱ ላይ ይጥላል። በዚያ ጊዜ ባለመኪናው ወደ ቀለም ቀቢው ይመጣል፤ ቀለም ቀቢውም እንደ ልማዱ ቲነር ያነሣል። የመብራቱ መጨረሻ ያን ጊዜ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ቬርኒሽ በፈሳሽ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ መነሣት አለበት። መከላከያው አስቀድሞ ስላለቀ በማሸት የሚጠፋ ነገር የለም። በመብራቱ ዙሪያ ያለው ኮፈንና ፓራውልት በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ከዚያም በ800 ቁጥር ወረቀት ተጀምሮ፣ ቬርኒሹና ቢጫው ገጽ ሙሉ በሙሉ እስኪነሡ ድረስ በአንድ አቅጣጫ ይታሻል። ቀጥሎ በ1,000፣ በ1,500፣ በ2,000 እና ቢገኝ በ3,000 ቁጥር ወረቀት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አቅጣጫው እየተለወጠ ይታሻል። አቅጣጫ መለወጡ የቀድሞው ወረቀት ጭረት ማለቁን ለማየት ይረዳል። ወረቀቱ ከውሃ መለየት የለበትም። በመጨረሻ ገጹ እንደ ወተት ይነጣል፤ ሠራተኛው በዚህ ሊደነግጥ አይገባውም። በማንጸባረቂያ ቅባትና በንጹሕ ጥጥ ሲወለወል ይጠራል። መወልወያው በሞተር የሚዞር ከሆነ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ይሁን፤ ሙቀት ፕላስቲኩን ያቀልጠዋልና።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። የተራቆተ ፖሊካርቦኔት ያለ መከላከያ ፀሐይ ላይ ቢወጣ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለፖሊካርቦኔት ተብሎ የተዘጋጀ፣ አልትራቫዮሌትን የሚከላከል ጥርት ያለ ቅብ ሊደረግለት ይገባል። ይህ በገበያ ካልተገኘ ሐቀኛው ሠራተኛ ለባለመኪናው እውነቱን ይነግረዋል፤ መብራቱ መጥራቱን፣ ጥራቱ ግን ጊዜያዊ መሆኑንና በየጊዜው ሰም መቀባት እንደሚያስፈልገው ያስረዳዋል። ይህን ሳይናገር ገንዘብ የሚቀበል ሠራተኛ ከእንጨት ቬርኒሽ ቀቢው ብዙም አይለይም።

ሊዘለሉ የማይገባቸው ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። አንደኛ፣ ከሽፋኑ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ክፍል እጅግ የቀጠነ የአሉሚኒየም ንጣፍ ስለሆነ በማናቸውም ጨርቅ ሊነካ አይገባውም። ሁለተኛ፣ የሞተር ብስክሌት ሄልሜት በቲነር አይጠረግም፤ ቀለምም አይነፋበትም። የፕላስቲክ ሄልሜት ቅርፊት እንደ መብራቱ ሁሉ በውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ልዩነቱ መብራት ሲሰነጠቅ ብርሃን መቀነሱ፣ ሄልሜት ሲሰነጠቅ ግን የሰው ራስ መጋለጡ ነው።

የሠራተኛው ጤንነት

በቅርብ ዓመታት የፊት መብራትን በእንፋሎት የሚያጠራ ዕቃ በዓለም ገበያ ተሠራጭቷል። በትንሽ ኩባያ የሚሞቅ ፈሳሽ እንፋሎቱ በሽፋኑ ላይ ሲያልፍ ገጹን አሟሙቶ ያለሰልሰዋል። ከእነዚህ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ሜቲሊን ክሎራይድን የመሳሰሉ ክሎሪን ያለባቸው ናቸው። ሜቲሊን ክሎራይድ ወደ ሰውነት ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ በዝግ ክፍል ሲሠራበትም ሰው ይገድላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ፈሳሽ ያለበት የቀለም ማንሻ ለተራ ተጠቃሚ እንዳይሸጥ አግዳለች፤ በ2024 ደግሞ እገዳውን ወደ አብዛኞቹ ሌሎች አገልግሎቶች አስፋፍታለች። መብራቱም ቢሆን በእንፋሎት ሲጠራ ያው የተነገረው ውጥረት ተፈትቶ ኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቲነርም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ስም የለውም። በውስጡ ያለው ቶሉዊን ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። በብዙ ጋራዥ እጁን በቲነር የሚታጠበውና ጨርቁን የሚጨምቀው በዕድሜ ትንሹ ልጅ ነው። ቲነር በውሃ መያዣ ጠርሙስ መቀመጡም የተለመደ ነው፤ የተጠማ ሰው ጠርሙሱን የሚያነሣበት ቀን እስኪመጣ ድረስ አደጋው አይታይም። የታጠበበት ፈሳሽም በቦዩ ይፈስሳል። ከባቱ እስከ ሐዋሳ የተዘረጉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ወደ ባሕር መውጫ የሌላቸው ስለሆኑ፣ ወደ እነርሱ የወረደ ነገር ወደ ሌላ ስፍራ አይሄድም። እንግዲህ ቲነርን በሳሙና ውሃና በብርጭቆ ወረቀት መተካት መብራቱን ብቻ ሳይሆን የልጁን ሳንባና የአካባቢውንም ውሃ ያድናል።

ምን ይደረግ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉት መኪናዎች በጥገና ረዥም ዘመን እንዲኖሩ መፈለጉ አይቀርም። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም የመብራታቸው ሽፋን ያው ፖሊካርቦኔት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከአሮጌው መኪና ጋር አብሮ የሚያረጅ አይደለም።

ከሙያ ማኅበር የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ሦስቱን ፕላስቲኮችና ለእያንዳንዳቸው የሚስማማውንና የማይስማማውን ፈሳሽ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ በየጋራዡ ግድግዳ እንዲለጠፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የቀለም ቅብን ሲያስተምሩ ቀለም ማንሣትንም እንደ ራሱ የቻለ ትምህርት እንዲይዙት መምከር ነው። እስከ አሁን ያለው ትምህርት ቀለም በላሜራ ላይ እንዴት እንደሚያዝ እንጂ ከፕላስቲክ ላይ እንዴት እንደሚለቅ እምብዛም አይናገርም። ሦስተኛው፣ በተበላሸ መብራት ምክንያት ከሰልጣኝ ደመወዝ የሚቆረጥበትን ልማድ መመርመር ነው። ያልተነገረውን ሕግ በማፍረሱ አንድ ወጣት ዕዳ ሊገባ አይገባውም፤ የመንገር ግዴታው የጌታው፣ ለጌታው የማድረስ ግዴታው ደግሞ የማኅበሩ ነው።

ሥራው ሲጀመር ከሁሉ የሚቀድመው መከላከል መሆኑም መዘንጋት የለበትም። መብራቱ ቀለም ከመነፋቱ በፊት ቢፈታ፣ ካልተቻለም በወረቀትና በፕላስተር በሚገባ ቢሸፈን፣ ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ድካም ሁሉ አያስፈልግም ነበር። ሽፋኑን ለመፍታት የሚወስደው ጊዜ አንድ ሲኒ ቡና ከሚጠጣበት ጊዜ ብዙም አይበልጥም።

የቀድሞዎቹ ጌቶች በመስተዋት ላይ ያቆዩት ጥበብ ክብር ይገባዋል። ያንን ጥበብ ማክበር ማለት ግን እያንዳንዱን ቃል ሳይመረምሩ መድገም ሳይሆን፣ እነርሱ በዘመናቸው እንዳደረጉት የያዙትን ዕቃ ጠባይ ጠይቆ መሥራት ነው። ዛሬ ማታ ከሻሸመኔ ተነሥቶ ወደ ዶዶላ የሚወጣው ሚኒባስ መንገዱን አጥርቶ የሚያሳየው በዚህ መንገድ የተያዘ መብራት ሲኖረው ነው።